የመጀመሪያ እባብ በብርዳም ሰፈር፦ የትኛው እባብ፣ የትኛው ሳጥን፣ የትኛው ማሞቂያ?

እባብ ለማሳደግ የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ነው። ስልኩ ላይ ብርቱካናማውን፣ ቢጫውን፣ ነጭ በነጭ የሆነውን ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው ግን ከቀለም በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለኝ። ቤታችሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስንት ዲግሪ ነው? መብራት ጠፍቶ ቢያድርስ?

እባብ እንደ እኛ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም። የበላውን የሚፈጨውም፣ በሽታን የሚቋቋመውም ከአካባቢው በሚያገኘው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ስትደርሱ መሬቱ ከዚያም ከፍ ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ ለብሶ የሚያድርበት ሌሊት አለ። ወደ ደቡብ፣ በአቃቂና በገላን በኩል ስትወርዱ ደግሞ አየሩ እየለዘበ ይሄዳል። ለጀማሪ የሚሆኑ እባቦች እየተባሉ የሚወጡት ዝርዝሮች አብዛኞቹ የተጻፉት ክረምት ከበጋ ማሞቂያ ላለው ቤት ነው። እኛ ጋ ያው ምርጫ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ እባቡንም፣ ሳጥኑንም፣ ማሞቂያውንም በዚህ ዓይን እያየን እናወዳድራለን።

ፈቃዱ ይቅደም

በሀገራችን ሕግ እባብ የዱር እንስሳ ነው። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መነገድ ያስቀጣል። ስለዚህ ቀብድ እንኳን ሳትከፍሉ ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሂዱ። የትኛውን ዝርያ፣ ከማን አግኝታችሁ፣ በየትኛው አድራሻ ልታሳድጉ እንዳሰባችሁ ተናገሩና ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙት። አይፈቀድም ከተባላችሁ ነገሩ እዚያው ላይ ያብቃ። በጓሮ በር የሚገባ እባብ ለእናንተም ለእንስሳውም ጣጣ ነው። ሲታመም እንኳን በግልጽ ሐኪም ጋ መውሰድ ያስፈራችኋል።

ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ወረቀቱ ይጨምራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የሳይተስ ስምምነት አባል ሆናለች። ሳይተስ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ድንበር ሲሻገሩ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ቦል ፓይተን የሚባለው ትንሽ የአፍሪካ ዘንዶ እንደ ዘመዶቹ ሁሉ በዚህ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላለ ከሚወጣበት ሀገር የሳይተስ ወረቀት ይዞ መምጣት አለበት። ኮርን ስኔክ የሚባለው የአሜሪካ እባብ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀትና የመግቢያ ፈቃድ ግን ለሁለቱም አይቀርም።

ከሜዳ ላይ ይዞ ማሳደግ የሚባለውን ሐሳብ እርሱት። ሕጉ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። በሀገራችን የሚገኝ፣ ከአፈር በታች የሚኖር፣ ጠቆር ያለ፣ ቀጠን ያለ መርዛማ እባብ አለ። ሲያዩት ምንም የማያደርግ ይመስላል። ጥርሱን አፉን ሳይከፍት ወደ ጎን ስለሚያወጣ ከአንገቱ ኋላ የያዘውን ሰው ጣት ይወጋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ መርዝ ከሌለው፣ ሀውስ ስኔክ ከሚባለው ገራም እባብ ጋር ያምታቱታል። እፉኝትማ የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ የዱር እባብ ጥገኛ ትላትል ይዞ ይመጣል፣ ሳጥን ውስጥም በቀላሉ አይበላም። በሰው እጅ የተፈለፈለ እባብ ብቻ ፈልጉ።

ሦስቱ እባቦች

ለጀማሪ በተደጋጋሚ የሚመከሩት ሦስት ናቸው፦ ኮርን ስኔክ፣ ቦል ፓይተን እና የአፍሪካው ሀውስ ስኔክ። ሦስቱም መርዝ የላቸውም። ሦስቱም ይዘው የሚበሉትን እንስሳ ጠምጥመው ነው የሚገድሉት። ሦስቱም ከትልልቆቹ ዘንዶዎች ጋር ሲነጻጸሩ ትናንሽ ናቸው።

ኮርን ስኔክ የመጣው ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ክፍል ነው። ሲያድግ ከ90 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ 15፣ 20 ዓመት ይኖራል። በሳጥኑ ሞቃት ጎን ከ29 እስከ 31 ዲግሪ፣ በቀዝቃዛው ጎን ከ22 እስከ 24 ይበቃዋል። ሌሊት ወደ 20 ቢወርድ አይደነግጥም። ትልቁ ጥቅሙ ለእኛ እዚህ ላይ ነው። የተፈጥሮ ሀገሩ ብርድ የሚያውቅ ስለሆነ ለጥቂት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ጤነኛ እባብ በዚያ ብቻ አይታመምም። እርጥበትም ቢሆን መካከለኛውን ነው የሚፈልገው። ደግሞ ይበላል! ምግብ የማይመርጥ እባብ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ጉድለቱ ማምለጥ ላይ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሌሊቱን ሙሉ ክዳን ሲገፋ የሚያድር እንስሳ ነው። ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ሰውነቱ ይከተላል።

ቦል ፓይተን ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚመጣ ትንሽ ዘንዶ ነው። ሴቷ እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፣ ወንዱ ያንሳል። ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ሲፈራ ኳስ ሆኖ ጭንቅላቱን መሀል የሚደብቅ እንስሳ ነው። እጅ ላይ ሲይዙት ደስ ይላል። ብዙ ሰው በፍቅሩ የሚወድቀው ለዚህ ነው፣ እውነትም የሚወደድ ነው። ግን ሞቃቱ ጎን ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ጎን ራሱ ከ25 ዲግሪ ብዙ መውረድ የለበትም። ለቀናት በብርድ ከቆየ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ይይዘዋል። እርጥበቱ ደግሞ ከ55 እስከ 65 በመቶ፣ ቆዳ ሲቀይር ከዚያም በላይ መሆን አለበት። የእኛ በጋ ከጥቅምት ጀምሮ ደረቅ ነው። ብርድና ድርቀት አብረው በሚመጡበት ወቅት ይህን እባብ ማሳደግ ሁለት ጦርነት በአንድ ጊዜ መግጠም ነው። ምግብ የመተው ጠባይም አለው። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለወራት አልበላም ሊል ይችላል። ልምድ ያለው ሰው ክብደቱን እየመዘነ ይጠብቃል። ጀማሪ ግን እንቅልፍ ያጣል። ዕድሜውንም አስቡት፦ ከ20 እስከ 30 ዓመት። ልጃችሁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የመጣ ቦል ፓይተን ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሀውስ ስኔክ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው የሚገኝ ቡናማ እባብ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ቆዳው እንደ ዘይት ያብለጨልጫል። ወንዱ ትንሽ ነው። ሴቷ አንድ ሜትር አካባቢ ትደርሳለች። የሙቀት ፍላጎቱ ከኮርን ስኔክ ጋር ተቀራራቢ ነው። ጠባብ ቦታ ይበቃዋል፣ ጥሩ በላተኛ ነው፣ ትንንሽ አይጥ ብቻ ስለሚፈልግም ምግቡ ቀላል ነው። ልጅ እያለ ቁጡ ነው፣ ይናከሳል። ንክሻው ከመርፌ ጭረት አያልፍም፣ ሲያድግም ይረጋጋል። የማስጠነቅቀው አንድ ነገር ነው። ዘመዶቹ በሀገራችን ዱር ውስጥ ስላሉ ሻጩ “ቤት የተፈለፈለ ነው” ብሎ ከሜዳ የተያዘውን ሊሰጣችሁ ይችላል። የእናቱንና የአባቱን ፎቶ፣ የተፈለፈለበትን ቀን፣ የበላበትን መዝገብ ማሳየት ካልቻለ ተዉት።

የኔ ደረጃ እንዲህ ነው። ለሱሉልታ፣ ለቡራዩና ለእንጦጦ ጀርባ ሰፈሮች ኮርን ስኔክ አንደኛ ነው፣ ሁለተኛም ሩቅ ነው። አመጣጡ በደንብ የታወቀ ሀውስ ስኔክ ካገኛችሁ፣ በተለይ ቦታ የሚያጥራችሁ ከሆነ፣ ቀጥሎ እሱ ይመጣል። ቦል ፓይተንን የምመክረው ገላን፣ ዱከም፣ አቃቂ በኩል ለሚኖር፣ የመጠባበቂያ ባትሪ ላለው፣ እርጥበት ለመከታተል ትዕግሥት ላለው ሰው ብቻ ነው። አምሮበት ለሚቸኩል ሰው አይሆንም።

ሳጥኑ፦ መስታወት፣ ፕላስቲክ ወይስ እንጨት

የመስታወት ሳጥን ያምራል፣ ሳሎን ውስጥ ዓይን ይስባል። ችግሩ ሙቀት አይዝም። ላዩ ወንፊት ከሆነ ደግሞ ሙቀቱም እርጥበቱም ሽቅብ ይወጣል። በአራቱም አቅጣጫ ግልጽ ስለሆነ ልጅ እባብ የሚደበቅበት ያጣል፣ ይፈራል፣ ምግብ ይተዋል። በብርዳም ሰፈር መስታወትን የመጨረሻ ምርጫ አድርጉት። የድሮ የዓሣ ሳጥን በእጃችሁ ካለና መጠቀም ካለባችሁ ሦስቱን ጎን በፎም ሸፍኑት፣ የላዩንም ወንፊት ግማሹን በፕላስቲክ ድፈኑት።

ባለ ክዳን ፕላስቲክ ሳጥን ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለማጠብ ይመቻል፣ እርጥበት ይይዛል። ለልጅ እባብ ከዚህ የተሻለ የለም። ጎኑን በጋለ ሚስማር ትንንሽ ቀዳዳ ትበሱታላችሁ። ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳ፤ ስለታሙ ጠርዝ ውስጥ ከቀረ የእባቡን ቆዳ ይቧጭራል። የክዳኑ መቆንጠጫ ላይ አትመኩ። በላስቲክ ወይም በቀበቶ እሰሩት።

የእንጨት ሳጥን ለትልቅ እባብ ነው። ለአዋቂ ኮርን ስኔክ ወይም ቦል ፓይተን 120 በ60 ሳንቲ ሜትር ወለል ያለው ሳጥን ጥሩ ልክ ነው። ሰፈራችሁ ያለ አናጺ በኮምፔንሳቶ ወይም በኤምዲኤፍ ሊሠራላችሁ ይችላል። ፊቱን ተንሸራታች መስታወት አድርጉለት። እንጨት ሙቀት ይይዛል፤ ለእኛ አየር ይህ ብዙ ዋጋ አለው። ውስጡን ሽታ በሌለው ቫርኒሽ ቀብታችሁ፣ መጋጠሚያውን በሲልከን ዘግታችሁ፣ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱት። ለአናጺው ሥራውን ስትሰጡ ለምን እንደሆነ ንገሩት፦ “ጋሼ፣ ቀለም የሚገባበት ስንጥቅ እንኳን እንዳይኖረው” በሉት። ለልብስ ሳጥን የሚሠራው ክፍተት እዚህ አያስኬድም።

በብርዳማ ሰፈር ላለ ጀማሪ ግን እኔ የምመርጠው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ልጅ እባቡ በፕላስቲክ ሳጥን ይኑር። ፕላስቲክ ሳጥኑ ደግሞ ውስጡ በፎም በተለበጠ የኮምፔንሳቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የውጪው ሣጥን አየሩን ይይዛል፣ የውስጡ እርጥበቱን ይይዛል። እባቡ ሲያድግ ፎሙ ይነቀልና የውጪው ራሱ ቤት ይሆነዋል። እባብ ፎም ያለበት ቦታ በቀጥታ መግባት የለበትም፤ ሰርስሮ ይገባበታል። በዚህ መንገድ ወጪያችሁም ሁለት ጊዜ አይሆንም።

ስለ ወለሉ አንድ ነገር ልበል። አናጺ ቤት ሰጋቱራ በነፃ ስለሚገኝ እሱን ማንጠፍ ያጓጓል። የጥድና የፈረንጅ ጥድ ሰጋቱራ ግን ኃይለኛ ሽታ ያለው ዘይት አለው፤ ሽታው የእባብን ሳንባ ይጎዳል። ብናኙም አፉ ውስጥ ይገባል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ተራ ጋዜጣ ወይም ሶፍት ይበቃል። ቆሻሻው ወዲያው ይታያል፣ ታነሡታላችሁ፣ ሌላ ታነጥፋላችሁ። ሁለት መደበቂያ አስገቡ፣ አንዱ ሞቃቱ ጎን፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጎን። አንድ ብቻ ካደረጋችሁ እባቡ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን መምረጥ ይገደዳል። የማይገለበጥ የውኃ ሳህንም ያስፈልጋል።

ማሞቂያው፣ መብራት ሲኖርና ሲጠፋ

ሦስት ዓይነት ማሞቂያ ታገኛላችሁ። አንደኛው ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ የማሞቂያ ምንጣፍ ነው። ከ10 እስከ 20 ዋት ገደማ ብቻ ይወስዳል። ሁለተኛው ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ነው። ከ60 እስከ 100 ዋት ይበላል፣ የሴራሚክ ሶኬትም ይፈልጋል። ሦስተኛው ተራ ቢጫ አምፖል ነው። ያሞቃል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ እያበራ እባቡን ይረብሸዋል፣ ቶሎም ይቃጠላል። አምፖሉን ከምርጫ አውጡት።

ምንጣፉ አንድ ድካም አለው፣ ሻጮችም አይናገሩትም። የነካውን ነገር እንጂ አየሩን አያሞቅም። ክፍሉ 12 ዲግሪ ሲሆን የሳጥኑ ወለል 30 ሆኖ አየሩ 15 ሊሆን ይችላል። እባቡ ሆዱ ይሞቃል፣ የሚተነፍሰው ግን ብርድ ነው። ምንጣፉ በደንብ የሚሠራው ፕላስቲክ ወይም መስታወት ሥር ነው፤ በወፍራም እንጨት ውስጥ ሙቀቱ አያልፍም። ባለ ሁለት ሣጥኑን የምመርጠው ለዚህም ነው፣ ውጪው ሣጥን የምንጣፉን ሙቀት አፍኖ አየሩንም ያለዝበዋል። ለትልቅ የእንጨት ሳጥን ግን የሴራሚኩ ማሞቂያ ይሻላል። ላዩ ላይ ተሰቅሎ ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት ይታጠር። እባብ ትኩስ ነገር ላይ ተጠምጥሞ ቆዳው እስኪቃጠል ላይነሣ ይችላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱ የተፈለገው ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን ከሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ውጭ፣ አትሰኩ። ቁጥጥር የሌለው ምንጣፍ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል። እንቁላል ማስፈልፈያ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዲጂታል ቴርሞስታት ለዚህም ይሠራል። ሙቀት የሚለካውን ጫፍ በምንጣፉና በሳጥኑ መካከል አስቀምጡ፣ ከዚያ የውስጡን ወለል በሌላ ቴርሞሜትር እየለካችሁ አስተካክሉ። ሳጥኑ ውስጥ ፕላስተር ወይም የሚጣበቅ ቴፕ አታስገቡ። የእባብ ቅርፊት ላይ ከተጣበቀ ቆዳውን ይዞ ነው የሚነሣው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። መብራት ይጠፋል። ስሌቱ ቀላል ነው። 12 ቮልት፣ 50 አምፒር አወር ያለው ባትሪ 600 ዋት አወር ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ 300 ማለት ነው። 15 ዋት ምንጣፍ በዚህ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) የሚበላውን ቀንሰን ሳይቀር። 80 ዋት ሴራሚክ ግን አራት ሰዓት አይሞላም። ማሞቂያ ስትመርጡ ይህችን ሂሳብ ከዋጋው ቀድማችሁ ሥሩ። ቤት ውስጥ ለቴሌቪዥንና ለስልክ የተገዛ ሶላር ካለ ምንጣፉን ይሸከማል። ሴራሚኩን አይችልም።

ባትሪ ለሌለው ሰው ሃይላንድ አለ። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ትኩስ፣ ያልፈላ ውኃ ሙሉ። በወፍራም ካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልሉት። ከፕላስቲክ ሳጥኑ ውጭ፣ ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡትና በሩን ዝጉ። ቁም ሣጥኑን በብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጋቢ ሸፍኑት፣ የአየር ቀዳዳውን ሳትደፍኑ። ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። ለኮርን ስኔክ ይህ ሌሊት ያሳልፋል። ለቦል ፓይተን ደጋግሞ መነሣት ይፈልጋል።

ከሰል ግን በፍጹም። ክፍል ውስጥ የሚጨስ ከሰል ሰውንም ይገድላል፣ እባብንም ይገድላል። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም ለእባብ አይሆንም። የበረሮ መርጫም እንደዚሁ፣ በሚቀጥለው ክፍል ቢረጭ እንኳን ይጎዳዋል። እባቡ የሚቀመጥበትን ክፍል ስትመርጡ ከሙቀቱ ጋር ይህን አስቡ። ኮርኒስ ያለው ክፍል ቆርቆሮ ብቻ ካለው ይሻላል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከብሎኬት ይልቅ ሙቀት ያቆያል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከበረንዳ ራቅ ያለው የውስጥ ግድግዳ ይመረጣል። ከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ሳጥኑን ምድጃ ያደርገዋል።

ባዶ ሳጥን ይፈተን

እባቡን ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑን አዘጋጅታችሁ ባዶውን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አሠሩት። ቢቻል ፈተናው በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይሁን። የሌሊቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ግዙ። አንዱን ጫፍ ሞቃቱ ጎን፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ጎን አድርጉት። ማታ 3 ሰዓት ላይ የምታዩት ቁጥር አያታልላችሁ። ሳሎኑ ሰው አለበት፣ ምጣዱ ገና አልበረደም፣ በሩ አሁን ነው የተዘጋው። ወሳኙ ቁጥር ከመንጋቱ በፊት ያለው ነው። ጠዋት ተነሥታችሁ ዝቅተኛውን በደብተር ጻፉ። ሞቃቱ ጎን 30 ሆኖ ቀዝቃዛው ጎን 20 እና ከዚያ በላይ ካደረ ለኮርን ስኔክ ዝግጁ ናችሁ። 16 ካደረ ፎም ጨምሩ፣ ሳጥኑን ከውጪ ግድግዳ አርቁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ እንደገና ለኩ። አንድ ሌሊት ደግሞ ሆን ብላችሁ ንቀሉት። ሳጥኑ በስንት ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ስታውቁ፣ መብራት በጠፋ ቀን አትደናገጡም።

ኮርን ስኔክ ልትወስኑ ነበር፣ ፈተናው ግን 25 እና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ያኔ ስለ ቦል ፓይተን ማሰብ ትችላላችሁ። እኔ ምርጫውን ለቴርሞሜትሩ የምተወው ለዚህ ነው።

ምግቡ

እባብ የሚበላው ሙሉ አይጥ ነው። ጎመን፣ እንጀራ፣ ሥጋ ቁራጭ አይሆንም። ቤት ወይም ጎተራ ውስጥ በወጥመድ የተያዘ አይጥ አትስጡ። የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፣ በሽታና ጥገኛ ትልም ይይዛል። ያሉት ሁለት መንገዶች፣ ለዚሁ የተረባ በረዶ የሆነ አይጥ መግዛት ወይም ነጭ አይጥ ራስ ማርባት ናቸው። ማርባቱ ከባድ አይደለም፤ አንዲት አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች። ሽታው ግን አለ፣ እነሱንም በክብር መያዝ ያስፈልጋል። ፍሪዘር የጋራ ከሆነ በተለየ፣ በሚዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፣ የቤቱም ሰው አስቀድሞ ይስማማ። የምትሰጡት አይጥ ውፍረት ከእባቡ ወፍራም ቦታ አይብለጥ። ልጅ እባብ በየአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ አዋቂ በየአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይበላል። በረዶው በሙቅ ውኃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ በረጅም ወረንጦ ይሰጥ። ከበላ በኋላ ለሁለት ቀን አትንኩት።

ከመብራቱ ጋር የሚያያዘው ነገር ይሄ ነው፦ እባብ ሁለት ሳምንት ባይበላ ምንም አይሆንም። በልቶ ከበረደው ግን ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ መብራት የመጥፋት አዝማሚያ ባለበት ሳምንት መመገቡን አዘግዩ። ይህን ማድረግ ጭካኔ አይምሰላችሁ።

የቤት ሰውና ጎረቤት

“እባብ ያየ በልጥ በረየ” የሚለው ተረት በከተማ ዳር የበለጠ እውነት ነው። ሜዳው ቅርብ ነው፣ እፉኝት የነደፈው ከብት ወይም ሰው የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ጎረቤት ቢፈራ አትፍረዱበት። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደብቃችሁ አታስገቡ። “እማማ፣ መርዝ የለውም፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ መጥተው ይዩት” ማለት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። እምቢ ካሉ ቤት እስክትቀይሩ ጠብቁ። ሳጥኑ ላይ ጓጉንቸር ይኑር። የክፍሉ በር ሥር ያለው ክፍተት በጨርቅ ሳይሆን በጎማ ይደፈን። የእባቡን ፎቶና “መርዝ የለውም” የሚል ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ቢያመልጥ ሰው በድንጋይ ከመጨፍለቁ በፊት የሚያየው ነገር ይኖራል።

እባብ፣ እንደ ኤሊና እንሽላሊት ሁሉ፣ ሳልሞኔላ የሚባል፣ ሰውን የሚያስቀምጥ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሳህኑን ወጥ ቤት ውስጥ አትጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባይነካው ይመረጣል። ቤቱ ውስጥ ድመት ካለ ክፍሉ ይዘጋ።

የእባብ በሽታ የሚያውቅ ሐኪም በቀላሉ አይገኝም። ፈቃዱን ስትጨርሱ ሐኪሙንም አፈላልጉ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ስልክ ቁጥሩን ከመታመሙ በፊት ያዙት።

የምትገዙበት ቀን

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብትገዙ እባቡ እስከ ብርዱ ድረስ ይለምዳል። ሻጩ ጋ ስትሄዱ እባቡን በእጃችሁ ያዙት። ጤነኛ እባብ እጅ ላይ ጡንቻው ይሰማል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ይዞራል። አፉ ዳር አረፋ ወይም ልጋግ ካለ፣ ሲተነፍስ ፉጨት ከተሰማ ተዉት። ዓይኑ ዙሪያና አገጩ ሥር በርበሬ ፍሬ የመሰሉ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ከታዩ ቅንቅን ነው። አንድ እባብ ቅንቅን ካለበት ሌሎቹም አለባቸው፤ ከዚያ ቤት አትግዙ። አከርካሪው ስለት ሆኖ ከወጣ ከስቷል። ዓይኑ ወተት የመሰለ ሰማያዊ ከሆነ ግን አትፍሩ፣ ቆዳ ሊቀይር ነው፤ ቀይሮ እስኪጨርስ እዚያው ይቆይላችሁ። ሲበላ ለማየት ጠይቁ። የማይበላ ልጅ እባብ በርካሽ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

ሲመጣ በጨርቅ ከረጢት ታስሮ፣ ከረጢቱ በፎም ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይምጣ። ታክሲ ውስጥ ጭናችሁ ላይ ያዙት፣ መኪናው ጣሪያ ላይ አይጫን። ቤት ስትደርሱ ሳጥኑ ሞቆ ይጠብቀው። አስገቡት፣ ዝጉት፣ አንድ ሳምንት አትንኩት። ዘመድ አዝማድ ሊያይ ቢመጣ በመስኮቱ ይመልከት። ውኃውን ብቻ በየቀኑ ቀይሩ፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ ዲግሪ መጻፋችሁን ቀጥሉ። በሰባተኛው ቀን ማታ፣ ሻጩ ይሰጠው የነበረውን ዓይነትና መጠን አይጥ ስጡት። ካልበላ አይጡን አውጡትና ከአምስት ቀን በኋላ ሞክሩ።